ወርቄ ጀልባው ውስጥ የላሰችው

ወዳጄ፣ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። አጎቴ ስለ ቡዳ ሲያወራ እየሳቅሁበት ከማዕድ የተነሣሁ ሰው ነኝ፣ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብም መንፈስ የሚባል ነገር እንደሌለ ለሌላው የማስረዳው እኔ ነበርሁ፣ ያውም ማንም ሳይጠይቀኝ። ደግሞ ሌላው ሰው ገጠመኙን ሲያወራ ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር፣ ብቻዬን ነበርሁ ይላል፣ የኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሁለት ሰው አጠገቤ እያለ ነው የሆነው። ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ብሔራዊ ውትድርና መጥቶ ቀበሌው ወጣት የሚለቅምበት። እኔ ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርሁ። አንድ ቀን ከምጽዋ የተነሣ ትልቅ ማኪና በአስመራ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ተጠማዝዞ ወጥቶ፣ በተሳቢው ላይ ምን ጭኖ ቢመጣ ጥሩ ነው፣ ጀልባ! ጣና ላይ ዕቃ እንዲያመላልስ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ነው አሉን። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ሰፊ የብረት ጀልባ ነው፣ ፊቱ እንደ ጭነት ማኪና ካሶኒ መዝጊያ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ግራና ቀኙን ወታደር የሚቀመጥበት ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለው። ከተሳቢው አውርደን ግቢው መሐል ስናስቀምጠው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያየው መጣ፣ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም "ጎማው የታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ችግሩ ውስጡ ነው። የባሕር ውሃ ገብቶበት፣ ማንም ሳያጥበው ደርቆ፣ ወለሉም አግዳሚውም ነጭ ጨው ጋግሯል። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ሥራ አስኪያጃችን "ሰኞ ይሄዳል፣ የወለሉን ሳንቃ እያነሣችሁ ሥሩን ጠርጉ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ አድርቃችሁ አስረክቡ" ብሎን ሄደ። በንጹሕ ውሃ! ወሩ መጋቢት ነው፣ ቧንቧችን ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሳይፈልግ የሚያፏጭ ነበር። ባለችው ባልዲ ውሃ ስፈትግ ብውል ጨው ሟሙቶ መልሶ ይደርቃል፣ ነጭነቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይለቅም።

አያ ስማቸው የጋራዡ የቀን ዘበኛ ነበሩ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፣ ከተማ ገብተውም ላም ማርባት ያልተዉ። አንድ ልጃቸው ደምለው ባለፈው ዓመት ለውትድርና ተወሰደ፣ ምጽዋ መድረሱ በሰው አፍ ተሰማ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዘመድ "ሞቷል፣ ተዝካሩን አውጡለት፣ ነፍሱን አታንከራትቷት" ይላል፣ እናቱ ወይዘሮ እናንዬ ደግሞ "መርዶ ሳልሰማ በልጄ ላይ አልደግስም" ይላሉ፣ አያ ስማቸው መሐል ቤት ቀርተዋል። ከሰሜን የመጣውን ሹፌር ሁሉ ሞተሩን ሳያጠፋ "ደምለው የሚባል ቀይ ልጅ አላየህም?" ይሉታል። ጀልባውን ጭኖ የመጣውን ሹፌርም ጠይቀውት ነበር፣ አላየም።

ያን ቅዳሜ እኔ ስፈትግ አዩኝና መጥተው ጨዉን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

"ምነው ልጄ፣ ይህን ሸጋ ጨው በውሃ ታፈሰዋለህ? ወርቄን ላምጣልህ፣ ጠራርጋ ትልስልሃለች።"

ሳቅሁ። ግን ሳስበው መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፣ የደጋ ከብት ጨው ሲያገኝ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፣ ሥራ አስኪያጁም የለም። ዘይት የፈሰሰበትን የሞተሩን ጎን በጆንያ ከለልሁና "ያምጧት እስቲ" አልኋቸው።

ወርቄ ቀይ ላም ናት፣ እናቷ ወልዳት ስለሞተች ደምለው በእጁ ወተት እያጠባ ነው ያሳደጋት። በተዘረጋው የጀልባው ፊት በኩል እንደ ቤቷ ዘው ብላ ገባች። መላስ ጀመረች፣ ምላሷ እንጨቱ ላይ ሲያልፍ እንደ ሞረድ ይፋቃል፣ ከኋላዋ ንጹሕ ወለል እየወጣ ሲመጣ እኔ እጄን አጣጥፌ በደስታ ፈዘዝሁ። ሹፌሩ ሰኞን እየጠበቀ ማኪናው ሥር ጋደም ብሎ ያየናል። ወለሉን ጨርሳ፣ የቀኙን አግዳሚ አጋምሳ፣ ድንገት ቆመች።

ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። በግራ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ አግዳሚው ሲጢጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው ዓይነት ድምፅ። ፀሐይ ነው አልሁ፣ እንጨት በፀሐይ ይጮሃል። ወርቄ ዞራ ወደዚያ ጥግ ሄደች፣ አግዳሚው ላይ ያን ሁሉ ጨው እያለፈች አንገቷን ወደ ላይ ሰገግ አደረገችና አየሩን መላስ ጀመረች። የተቀመጠ ሰው አንገት በሚደርስበት ቁመት ላይ።

አሁን የምነግርህን ካላመንኸኝ አልቀየምህም። አየር ነው የምትልሰው፣ ከምላሷ ፊት ምንም የለም፣ ያ የመፋቅ ድምፅ ግን ይሰማል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ምላሷ በወጣ ቁጥር ይሰማል። ሆን ብዬ ጆሮዬን አቀረብሁ። ደግሞ ከአገጯ በታች የተንጠለጠለው ቆዳዋ፣ ሰው በጣቱ ሲያሻሻት እንደሚሆነው፣ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፣ እሷም ዐይኗን ጨፈነች። ፍርሃት አልነበረም የያዘኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ማወቅ ነው የፈለግሁት። ገብቼ እጄን በዚያ ቦታ አሳለፍሁ። ምንም አልነካሁም። እጄ ግን ረጥቦ ወጣ፣ ብቀምሰው ጨው ነው።

አያ ስማቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

"እንዲህ የምታደርገው ለደምለው ብቻ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አንገቱን ነበር የምትልሰው። እኔን እንኳ ልሳኝ አታውቅም።"

ወዲያው ሳይንሴን አነሣሁ። "አያ ስማቸው፣ ደስ ይበልዎ! ልጅዎ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሄዷል ማለት ነው፣ ላሚቱ ጠረኑን ነው ያገኘችው" አልኋቸው፣ የሰውዬው ፊት እንዴት እንደበራ ብታይ! እንባቸው ግጥም አለ።

ሹፌሩ ግን ከማኪናው ሥር ወጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ የሚያውቀውን መናገሩ ነው። "አባባ፣ ልጅዎ የዘመተው ዓምና አይደል? ይህ ጀልባ ከዚያ በፊት ነው ሰምጦ የወጣው። ከወጣ ጀምሮ መጋዘን ተቆልፎበት ነበር፣ በዚህ ሳምንት ነው ያወጣነው። ሰው አልተቀመጠበትም።"

አያ ስማቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ የተማርህ ነህ ልጄ። ከብት እንዲህ የሚልሰው የሞተ ነው ወይስ ያለ?"

አላውቅም አልሁ። እሳቸውም ሌላ ሳይጠይቁኝ የወርቄን ገመድ አነሡ። ወርቄን ግን መጎተት አላስፈለጋቸውም፣ ራሷ ወረደች፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ሰው አንገቷ ላይ እጁን ጥሎ እንደሚሄድ ቀስ እያለች። በጠባቡ የግቢ በር ስትወጣ ቀኝ ጎኗ ግንቡን እየታከከ በግራዋ የአንድ ሰው መተላለፊያ ተወች። አላስቻለኝም፣ ባልዲዬን አስቀምጬ ተከተልኋቸው።

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። ወይዘሮ እናንዬ በራፋቸው ላይ ቆመው ስንመጣ አዩን፣ ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከደጃፉ ወደ ጎን አሉ፣ ለሚገባ ሰው መንገድ እንደሚለቀቀው። ወርቄ ያኔ ወደ በረቷ ሄዳለች፣ አያ ስማቸውና እኔም ገና መንገድ ላይ ነን።

"ምን አይተው ነው እማማ?" አልኋቸው ስደርስ።

"ምንም አላየሁ። ጨው ሸተተኝ።" ባሕር የሚባል በዐይናቸው አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። አያ ስማቸው ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፣ የሹፌሩንም ቃል ሳይቀር። ወይዘሮ እናንዬ አላለቀሱም። እኔን "እንግዲህ ምን ላድርግ ልጄ? ተዝካር ላውጣ ወይስ አልጋ ላንጥፍ?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ እወድ ነበር።

እሑድ ውሃ መጣ፣ ጀልባውን አጠብሁት፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ጥጉ ላይ ብዙ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ምንም አልሰማሁም። ሰኞ ጎርጎራ ወረደ፣ እዚያ የተረከቡትን ሰዎች ደጋግሜ ብጠይቅ ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ ሌላ ያነሣልኝ አልነበረም። የነበረው ነገር ጀልባው ውስጥ አልቀረም ማለት ነው።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ወይዘሮ እናንዬ ከበራፋቸው አልተለዩም፣ ደምለው አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። ወርቄ አርጅታ ሞተች። ሁለቱ አዛውንቶች ግን አሉ፣ እኔም አልፎ አልፎ እጠይቃቸዋለሁ። ተዝካሩ እስከ ዛሬ አልወጣም፣ ያን ቀን ማታ ወይዘሮ እናንዬ በጓዳው በኩል ያነጠፉት አልጋም አልታጠፈም፣ ዘመድ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይቆጣቸዋል። እኔ አልፈርድም። በዚያ በር ስገባ ግን፣ ምን ላድርግ፣ ትንሽ ወደ ጎን እላለሁ።