የስድስቱ ሳህኖች ምስክርነት

ሰኞ ጠዋት የእንግዴ ልጅ ምርምር ክፍል ኃላፊው ፕሮፌሰር ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ። የመደርደሪያው ብረት ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ሐኪሙ ሰዓቱን ሲጠየቅ ራሱን አከከ። እንዲህ ባለ ብርድ የቆየ አስከሬን ቅዳሜ ይሙት እሑድ መለየት አልቻለም።

መርማሪዋን ባልደረቦቻቸው «እማማ ለምን» ይሏቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ሲፈልጉ የሚውሉ፣ የሌላ ሰው ነገር ግን ከማንም በፊት የሚታያቸው ሴት ናቸው።

«ቴክኒሻኗን እንውሰዳት» አለ የፖሊሱ ሻምበል። «እሑድ ከሰዓት ብቻዋን ገብታለች። ማስረጃም ደብቃለች።»

«ምን ደበቅሽ ልጄ?» አሉ እማማ ለምን።

«አልደበቅኩም። ሴል የምናሳድግባቸውን ስድስቱን ሳህኖች ጣዪ ተባልኩ፤ አልጣልኩም።»

«ማን ነው ጣዪ ያለሽ?»

ቴክኒሻኗ አገጯን ወደ ምክትል ኃላፊው ቀሰረች። «ዶክተሩ። አስከሬኑ ገና ሳይነሳ። እኔ ግን ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ከየሳህኑ፣ ከማነጻጸሪያውም ጭምር፣ ፈሳሹን ቀድቼ በረዶ ቤት ከተትኩት።»

«ለምን?»

«ሴሎቹ የመጡት አንዲት እናት ስትወልድ ፈቅዳ ከሰጠችን እንግዴ ልጅ ነው። የእሷ ስጦታ ቆሻሻ ነው እንዴ? ብታስሩኝም አልጥልም።»

ምክትሉ ከረባቱን አስተካከለ። የሳህን ፈሳሽ ነክቶት የማያውቅ፣ ንጹሕ ከረባት ነበር። «በሐዘን ተደናግጬ ነው» አለ። «ለማንኛውም ሳህኖቹ ላይ ያለው የታተመ ወረቀት ‹እሑድ፣ አራት ሰዓት፣ መድኃኒት ተጨመረ› ይላል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት በሕይወት ነበሩ። እኔ ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

እማማ ለምን ወደ ዘበኛው ዞሩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማን ገባ?»

«ሁለቱ ብቻ። ዶክተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ። ፕሮፌሰሩ አልወጡም፤ እሳቸው ግን ሶፋው ላይ ያድራሉ። ሚስታቸው እንኳ መጠየቅ ትተዋል።»

«አንቺስ፣ እሑድ ቀዝቃዛውን ክፍል አልከፈትሽም?»

«ምን ሊያስከፍተኝ? የመጣሁት ሌሎቹን ሴሎች ልመግብ ነው፤ ምግባቸው ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«ዶክተሩ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«እሱን እንጃ። ዶክተሩ ባሳተመው ጥናት ያሉት ቁጥሮች ግን እኔ የለካኋቸው አይደሉም፤ የፈጠራ ናቸው። ዓርብ ዕለት ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። ቅዳሜ እጠይቀዋለሁ አሉኝ።»

«ውሸት!» አለ ምክትሉ።

«እንግዲህ እንደ እኔ ላለ መሃይም አስረጂኝ» አሉ እማማ። «ሳህኑ ውስጥ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«እንግዴ ልጅ እርግዝናን የሚያጸና ሆርሞን ይሠራል። ካልታዘዘ ግን አይተጋም። ምልክት መጥቶ የሴሉን በር ሲያንኳኳ፣ ውስጥ አንዲት ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውል ትበዛለች፤ ትእዛዙን እስከ አስኳሉ የምታደርሰው እሷ ናት። ያኔ ሴሎቹ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ ሆርሞኑንም በብዛት ያመርታሉ። መድኃኒታችን መልእክተኛዋን ማብዛት ነው ሥራው።»

«ወዲያው ያመርታሉ?»

«የት ተገኝቶ! የመጀመሪያው ቀን ጠብ ጠብ ነው። የሚጎርፈው በሁለተኛው ቀን ነው።»

እማማ መነጽራቸውን ፈለጉ። ሻምበሉ ግንባራቸውን አሳያቸው።

ፈሳሹ በዚያው ዕለት ጎረቤት ወዳለው የወሊድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ተላከ። ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም በሙከራ ጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ካቴናው ቴክኒሻኗ ፊት ተቀምጧል፤ እሷ ግን አንዴም ዝቅ ብላ አላየችውም።

«ወረቀቱን ካመንን» አሉ እማማ፣ «ከእሑድ አራት ሰዓት እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። የክፍሉን ደብተሮች አገላበጥኩ። በአሥራ አራት ሙከራ የአንድ ቀን ሆርሞን ከሃምሳ በልጦ አያውቅም፤ የሁለት ቀን ደግሞ ከሁለት መቶ አንሶ አያውቅም። የእነዚህ ስድስቱ ሁለት መቶ ሠላሳ ገደማ ነው። መድኃኒት ያልነካው ማነጻጸሪያ ሳህን አሥራ ሁለት ላይ ቀርቷል። መድኃኒቱ የተጨመረው ቅዳሜ ነው።»

«ፕሮፌሰሩ ቀን ተሳስተው ይሆናል» አለ ምክትሉ።

«ስድስት ጊዜ? ያልመጣ ቀን፣ ከነሰዓቱ? ልጄ፣ ፕሮፌሰሩ እሑድ በሕይወት ነበሩ ማለት ማንን ይጠቅማል? እሷን አይደለም፤ እሷንማ ያስይዛል። የሚጠቅመው ቅዳሜ እዚህ የነበረን፣ እሑድ ግን ያልነበረን ሰው ነው። ከእሳቸው ጋር ቅዳሜ የነበረው አንተ ብቻ ነህ። በጥናትህ ላይ ቁጥር መለወጥ እንደለመድከው፣ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ብቻ ለወጥክ፤ ቁጥር እሺ ይልሃል። ሴሎቹ ግን ወረቀት አያነቡም። ሳህኖቹ እንዲጣሉ የቸኮልከውም ለዚህ ነው።»

ምክትሉ ከረባቱን አላላ። «ጥናቱ ሐሰት ነው፣ ከታተመበት አስነሳዋለሁ አሉኝ… ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«በሩስ? ራሱ ነው የተቀረቀረው?»

ሻምበሉ ካቴናውን አንስቶ ወደ እሱ ዞረ፤ ቴክኒሻኗንም እንደ ማፈር ብሎ «ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ» አላት።

«አልሄድም። ሴሎቼ አልበሉም።»

ጓንቷን አጠለቀች። አስቀድማ ግን የሙከራውን ደብተር ከፍታ በእጇ ጻፈች፦ «ስድስት ሳህን። መድኃኒት የተጨመረው ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ በፕሮፌሰሩ እጅ። ውጤቱ ትክክል ነው፤ ይመዝገብ።»