«ማኮብኮቢያ» ማን ነው?

መለከቱ ሲነፋ የአዳራሹ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ፤ ቦሌ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን ሁሉ ሳይደነግጥ አልቀረም።

«አሁን ያነበብኩትን ግጥም "ማኮብኮቢያ" በሚል የብዕር ስም የጻፈው ተማሪ ይነሳ!» አሉ ቲቸር ማዕዛ።

ማንም አልተነሳም። አብዲሳ ጉልበቱን ጨብጦ ወለል ወለሉን አየ።

ይህን ውድድር ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጡት ቲቸር ማዕዛ ናቸው። ዌልስ ሁለት ሳምንት ሰንብተው፣ አይስቴዝቮድ የሚባል የግጥምና የዜማ በዓል አይተው መጡ፤ እንግሊዝኛው ራሱ ቃሉን እንዳለ ነው የተዋሰው። ገጣሚው በብዕር ስም ይወዳደራል፤ አሸናፊው የሚታወቀው ተጠርቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ሽልማቱ ወንበር ነው። መድረኩ ላይ የቆመውን ወንበር ንጉሥ ቢያየው ዙፋኑን ይሸጥ ነበር። ሦስት ጊዜ መለከት ተነፍቶ የሚነሳ ከጠፋ ግን ወንበሩ ባዶውን መጋዘን ይገባል።

አብዲሳ በብዕር ስሙ ተማምኖ እውነቱን ጻፈ፦ አባቱ ኤርፖርት ውስጥ የሻንጣ ጋሪ እየሰበሰበ ይገፋል፤ አሥራ አንድ ዓመት አውሮፕላን ሲያይ ኖሮ አንዴም አልተሳፈረም። ክፍሉ የሚያውቀው አባት ግን ሌላ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ «አባቴ ኤርፖርት ነው የሚሠራው» አለ፤ አንዱ «ፓይለት ነው?» ሲለው ዝም አለ። ከዚያች ዝምታ ካፒቴን ዋቅቶላ ተወለደ፤ በዓመቱ ዓለምን ሁለቴ ዞሮ ጨረሰ።

«ግጥሙ ግን ይገድላል!» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ላጲሶ። «ስማ የካፒቴኑ ልጅ፣ ፋዘርህ ይሄን ጋሪ ገፊ ሳያውቀው አይቀርም። ጠይቅልን እስቲ!»

ከኋላቸው ያሉት ሳቁ። «ልጁ አፍሮ ነው የማይነሳው» አለች እድላዊት።

«አንቺ ብትሆኚ ትነሺ ነበር?» አላት ላጲሶ።

እድላዊት ፊቷን ወደ መድረኩ አዞረች።

መለከቱ ዳግም ተነፋ። «ማኮብኮቢያ!»

የአብዲሳ ጆሮ ጋለ፤ እንቁላል ቢሰበርበት ይጠበስ ነበር። ጠዋት የካ አባዶ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አባቱ «ዛሬ በዓል አላችሁ አሉ፤ አስፈቅጄ ልምጣ እንዴ?» ብሎት ነበር።

«ወላጅ አልተጠራም» አለው።

«እሺ፣ የኔ ጌታ።»

አሁን አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ሦስት ረድፍ ሙሉ ወላጅ ተቀምጧል።

ሦስተኛው መለከት ተነፋ። ሁለት ተማሪዎች ወንበሩን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

አብዲሳ ላጲሶን በክርኑ ነካው።

«እግርህን ሰብስብልኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ልለፍ። እየጠሩኝ ነው።»