አረንጓዴ ብሎ ያመጣው

ሕንድ አገር፣ ፓትና ከተማ ውስጥ ለባቡር መሥሪያ ቤት ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ብቸኝነት አያውቀውም ይባላል። ውሸት ነው። ጎህ ሲቀድ በጋንጋ ወንዝ ዳር፣ በድንጋይ ደረጃዎቹ ላይ የሚሰበሰበውን ወጣት ሩቅ ሆኖ ያየ ሰው ለሠርግ የተጠራ ሕዝብ ይመስለዋል። ጉልበት ከጉልበት ይነካካል፣ ሁሉም የልምምድ ጥያቄውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያቀረቅራል። ግን ሁሉም የሚመኘው ያችኑ አንዲት ወንበር ነው። የጎረቤትህ ዕድል ያንተ እጦት በሆነበት ቦታ ማን ለማን ጓደኛ ይሆናል?

ኑታን ይህንን የተረዳችው ከማዱባኒ ገጠር በመጣች ሰሞን ነው። የተከራየቻት ክፍል አልጋ ከገባባት በኋላ ለሰው ቦታ የማይተርፍባት ጠባብ ነበረች። በስልክ የሚደውሉላት አባቷ ብቻ ሲሆኑ፣ የእሳቸውም ወሬ ያው አንድ ነው።

«ልጄ፣ ይህን ዓመት ብቻ ነው። ካለፍሽ ደስ ይለኛል። ካላለፍሽ ግን እኔም በሰው ፊት የምቆምበት ፊት ይኑረኝ። ባል እፈልግልሻለሁ።»

«እሺ ባቡጂ» ትላለች። አባት እንዲህ ሲናገሩ ሌላ መልስ የለም።

ደረጃው ላይ አንድ ደንብ አለ። የልምምድ ፈተናው ሲያበቃ ማንም የራሱን ወረቀት አያርምም፤ ከጎኑ ላለው ሰው ይሰጣል፣ የሰውየውንም ይቀበላል። ብዙዎቹ አርመው ሲጨርሱ ቀና ሳይሉ ይመልሱታል። አንድ ማለዳ ግን ከጎኗ የተቀመጠው ጠይም ልጅ ወረቀቷን ይዞ አንገቱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ አንቺስ ጨካኝ ነሽ።»

«ምን አደረግኩ?»

«ባቡሩን ከነተሳፋሪው ዋሻ ውስጥ ትተሽው ወጣሽ። ይኸውልሽ፣ የዋሻውን ርዝመት አሰብሽ፣ የባቡሩን ረሳሽ። ጭራው አልወጣም እኮ! ሰዎቹ እዚያው ሊያረጁ ነው?»

ኑታን ሳታስበው ሳቀች። የገዛ ሳቋን ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

ልጁ ዲልኩሽ ይባላል፤ ልበ ደስታ ማለት ነው። የመጣው ከጃሙይ ነው። ቤታቸው ከሐዲዱ ጥግ ስለሆነ በልጅነቱ ለሚያልፈው ባቡር ሾፌር ሁሉ እጁን ሲያወዛውዝ አድጓል። አንዱም መልሶ አላወዛወዘለትም። እልህ ነው እንግዲህ፤ ሾፌር ካልሆንኩ ብሎ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። ኑታን የምትዘጋጀው ለቲኬት ሻጭነት ነበር።

«አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ እነዳለሁ» ይላታል። «የቀረው ተሳፋሪ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቦታ ይያያዙ ጀመር። ቀድሞ የደረሰ ደብተሩን አጠገቡ ያስቀምጣል። ከፈተናው በኋላ ሊቲ የሚባለውን ከሰል ላይ የተጠበሰ ድቡልቡል ቂጣ ገዝተው ደረጃው ላይ ይበላሉ። ብዙም አያወሩም። እሱ ወንዙን ያያል፣ እሷ ወንዙን የሚያይበትን ዓይን ታያለች። እሱ ሲዞር እሷ ወደ ወንዙ ትዞራለች። ክፍሏ ስትመለስ ግን ያው ጠባቧ ክፍል፣ ያው አልጋ ነው። እንዲያውም የብቸኝነቱ ክብደት የታወቃት ጓደኛ ካገኘች በኋላ ነው።

የዝናቡ ወር ሳዋን ገባ። በሳዋን ሴት ሁሉ አረንጓዴ የብርጭቆ አምባር ታደርጋለች፤ ላገባች ባሏ፣ ላላገባች አባቷ ወይ ወንድሟ ያመጣላታል። ኑታን ለነገሩ ያህል ብቻ፣ «ዘንድሮ ባዶ እጅ የእኔ ብቻ ነው» አለች።

በማግስቱ ዲልኩሽ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጇ ላይ ጣል አድርጎላት፣ ዝናቡን ሽሽት እየሮጠ ሄደ። ክፍሏ ገብታ ፈታችው። አምባሮቹ ቀይ ነበሩ።

ቀይ የሙሽራ ነው። በዚያ አገር ለልጃገረድ ቀይ አምባር የሰጠ ሰው አፉን ባይከፍትም ጠይቋል። ኑታን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች፣ ደግሞ ሰው ያያት ይመስል በሯን ቀረቀረች። በማግስቱ በረጅም እጅጌዋ ሸፍና አድርጋቸው ሄደች፣ አጠገቡ ስትደርስ ብቻ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ያምርብሻል» አለ ፈገግ ብሎ።

«ታዲያ... ምን ልበልህ?»

«ምን ትያለሽ? በሳዋን ባዶ እጅ አይኮንም ብዬ ነው።»

ዓይን አፋርነቱ ነው አለች በልቧ። ስትወድ ሁሉን ነገር ለራሷ የምትተረጉም ሴት እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ማታውኑ ለአባቷ፣ አንድ ልጅ እንዳለ ፈራ ተባ እያለች ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ «የሥራውን ነገር ይጨርስ፤ ስሙን ያን ጊዜ ትነግሪኛለሽ» አሉና ዘጉት። እምቢ አለማለታቸው ለእሷ ትልቅ ነገር ነበር።

የሾፌርነቱ ጽሑፍ ፈተና ቀኑ ደርሶ ዲልኩሽ ተፈተነ። ውጤቱን እየጠበቁ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐዲድ ለመሻገር ከሰው ጋር ቆመው ነበር። የአንድ ገበሬ ጋሪ ሐዲዱ ላይ ተሰነቀረ። ባቡር ከሩቅ ይጮሃል። የሐዲድ ማቋረጫው ዘበኛ ከጎጆው ሮጦ ወጥቶ ባንዲራውን ዘረጋ።

«እንዴ! አረንጓዴውን ዘረጋለት እኮ!» ብሎ ዲልኩሽ ጮኸ። «ሰውየው አብዷል? ጋሪው ሳይነሳ ሊያሳልፈው ነው?»

ኑታን ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታየው ግን ላብ አጥምቆታል። ዘበኛው የዘረጋው ባንዲራ እንደ በርበሬ የቀላ ነበር። ባቡሩም እያቃሰተ ቆመ።

«እግዜር አተረፈው» አለ ዲልኩሽ ትንፋሹን ሰብስቦ። «ሾፌሩ ጋሪውን ባያይ ኖሮ!»

«የባቡር መብራቱን ምልክት እንዴት ነው የምትለየው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ከላይ ከበራ አረንጓዴ፣ ከታች ከበራ ቀይ። ይኼ ጥያቄ ነው?»

ባንዲራ ላይና ታች የለውም። ኑታን እዚያው እንደቆመች ሁለት ነገር ገባት። አንደኛው፣ ከጽሑፉ ፈተና ቀጥሎ የዓይን ምርመራ አለ፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው የባቡር ሾፌር አይሆንም። ዲልኩሽ ይህን ስለ ራሱ አያውቅም። ሁለተኛው ለሰው የማይነገር ነው። አምባሮቹን አረንጓዴ ብሎ ነው ያመጣላት። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ አለች።

በዚህ መሐል ውጤቱ ወጣ። ዲልኩሽ አልፏል። ደረጃው ላይ ወጣቶች በትከሻቸው ተሸከሙት። አባቷም ወሬው በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ጣፋጭ በካርቶን ይዘው ፓትና ደረሱ፤ ፊታቸው በርቷል።

«የበሰለ ማንጎ ዛፍ ላይ አያድርም» አሉ። «ያለፈ ልጅ መሆኑ ከተሰማ ስንቱ ሴት ልጅ ያለው ይሮጥበታል። ምርመራው ሳይደርስ ጋብቻውን እንጨርሰው። በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን።» ሰው ልከው ሲያስጠይቁት ዲልኩሽም ተስማማ።

ከኑታን የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ለሙሽራ ደግሞ ዝምታ ያስመሰግናታል እንጂ አያስነቅፋትም። ሳምንት ዝም ብትል ዲልኩሽ የእሷ ነው። ከተናገረች ግን ዓመታት የለፋበት ይቀራል፤ ለሌላ ሥራ እንደገና እስኪዘጋጅ አባቷ አይጠብቁም። ይህን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ አደረች። ከሠርጉ በኋላ ከምርመራው ወድቆ ሲመለስ፣ አባቷ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ታያት። በእሷ ዝምታ ተገዝቶ የመጣ ባል እንዲሆን አልፈለገችም። ትወደው ነበራ።

በማለዳ ደረጃው ላይ አገኘችው። ስለ ሙሽራ ፈረስ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ዲልኩሽ፣ አምባሮቹ ቀይ ነበሩ።»

«የትኞቹ አምባሮች?»

«ለሳዋን ያመጣህልኝ።»

ሳቀ። «ባክሽ! ራሴ እኮ ነኝ መርጬ ያነሳኋቸው። አረን...» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ወንዙን ብዙ አየው።

«ባንዲራውስ?»

«ባንዲራውም።»

«እናቴ ‹ያልበሰለ ቲማቲም ለቅመህ መጣህ› እያለች ስትገርፈኝ...» አለና ራሱን ያዘ። «እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከሐዲዱ ቀን ጀምሮ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«የነገርኩህ ዕለት አምባሩ አረንጓዴ ይሆንብኛል ብዬ ነው» አለች። «ትንሽ ቀይ ሆኖ እንዲቆይልኝ ፈልጌ።»

ዲልኩሽ ይህን ሲሰማ ዞሮ አያት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀዩ ለእሷ ምን እንደነበር አልገባውም ነበር።

«ቀይ መሆኑን ባውቅ አልገዛውም ነበር፣ ኑታን።»

አቀረቀረች።

«ሥራ የሌለው ሰው በምን አፉ ቀይ አምባር ይገዛል? እጄ አይደፍርም ነበር። ልቤ ግን ከገዛው ቆይቷል።»

ይህን ብሎ ተነሳ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ሰው ሳይልክ በራሱ እግር አባቷ ያረፉበት ቤት ሄዶ ቆሞ ነገራቸው። አባቷ አዳምጠው ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱ። «እውነተኛ ልጅ ነህ» አሉት። «እውነት ግን ቤት አያቆምም፣ ልጄ።» ጣፋጩ ካርቶኑ ሳይከፈት ወደ ማዱባኒ ተመለሰ፤ ዲልኩሽም ወደ ጃሙይ። ስልኩን ዘጋው። ጠብቂኝም አላለ፣ እርሺኝም አላለ።

የኑታን ፈተና ገና ነበር። ደረጃው ላይ አጠገቧ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ወረቀቷን አርሞ ያገኘችውን ቁጥር ብቻ ጽፎ ቀና ሳይል ይመልስላታል። በልታ ስትተኛ፣ ተነስታ ስትሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ የምትውልበት ጊዜ ነበር። አንዳንዴ ድምጿ መኖሩን ለማረጋገጥ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ ታነባለች። ከብቸኝነቷ የሚያስጥላት ሌላ ሥራ ስላልነበራት አጠናች፣ አለፈችም።

ከጋንጋ ማዶ በስተሰሜን ቢሻንፑር የምትባል ትንሽ ጣቢያ ተመደበች። አባቷ ያን ጊዜ ተገለበጡ፤ ለደሞዝተኛ ልጃቸው መሐንዲስ ካልሆነ አይሆንም ይሉ ጀመር።

«ባቡጂ፣ አይድከሙ» አለቻቸው። «ካሁን ወዲህ ቀን የሚቆርጥልኝ የለም።»

ተናደዱ፤ ደግሞም ትንሽ ኮሩባት።

ቢሻንፑር ላይ ሁለት ክረምት አለፈ። በጠባቡ መስኮት በኩል የምታየው የሰው እጅና አገጭ ነው። ቀን በቀን ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ታያለች፤ ማታ የጣቢያው ግቢ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ሩዝ ትቀቅላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ሌላ የባቡር ፈተና ደረሰ። የመፈተኛ ቦታ ሁልጊዜ ሩቅ አገር ስለሚመደብ ጣቢያው በወጣት ተጥለቀለቀ፤ ሰልፉ ከበር አልፎ ተጠማዘዘ። ኑታን አቀርቅራ እየሠራች ነበር።

«አንድ፣ ወደ ራንቺ።»

እጇ ቆመ። ቀና ስትል ዲልኩሽ ነው። ከስቷል፣ ጢም አውጥቷል።

«ለፈተና ነው?» አለች።

«ለጸሐፊነት። እዚያ ቀለም አይጠይቁም አሉ። ፊደል የለየ ይበቃል።»

«የመጣኸው ከጃሙይ ነው?»

«ከጃሙይ።»

«ራንቺ ከጃሙይ ወደ ደቡብ ነው። አንተ ጋንጋን ተሻግረህ ወደ ሰሜን መጣህ። በዚህ በኩል የሚሄድ መንገደኛ የለም።»

«ሾፌር ያልሆንኩት በከንቱ መሰለሽ?» አለ። ለመሳቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «ይህን ሰልፍ የተሰለፍኩት ሌሊት ነው፣ ኑታን። የት እንደተመደብሽ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው። አሁንም ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

«ኧረ ወንድሜ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። «ወሬህን ቤትህ አውራ! ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!»

ኑታን ጣቶቿን መክተቢያው ላይ አኖረች። ቀኑን ሙሉ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የምትጠይቀው ጥያቄ ነበር የቀራት።

«መሄጃ ብቻ ነው?» አለች በመጨረሻ። «ወይስ ደርሶ መልስ?»

ዲልኩሽ በመስኮቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ዓይኖቿን ፈለገ።

«መልሱ እስከ የት ያደርሳል?»

«እስከዚሁ። እዚህ መስኮት ድረስ።»

«እንግዲያው ደርሶ መልስ አድርጊልኝ» አለ።

ቲኬቱን አውጥታ በቀዳዳው ገፋችለት። ሲቀበላት ጣቱ ጣቷን ነካ፤ ቀጥሎ ያለው ሰልፈኛ ግን እየገፋው ስለነበር ሁለቱም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ እሱ ወደ ባቡሩ ሄደ፣ እሷም ሥራዋን ቀጠለች።