ተቀምጦ የተለካ እግር

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ምስጢር አይደብቅም። የመጀመሪያውን አቀበት ጨርሰን ትንፋሻችንን ስንሰበስብ ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁና ደሜ ፈላ። የራሴ የእጅ ሥራ ጭቃው ላይ ታትሟል።

ጫማ ሰሪ ነኝ፤ የአባቴን ሱቅ የማስኬደው እኔ ነኝ። ተረከዝ ላይ ሚስማር የምመታው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ነው፤ በከተማችን እንዲህ የሚመታ ሌላ ሰው የለም። ግራ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ የሚራመድ ደንበኛ ደግሞ የነበረኝ አንድ ብቻ ነው። ደንበኛ ልበለው እንጂ ልንጋባ ነበር።

«ምን አየሽ?» አለች አክስቴ። ስለቷን ልታደርስ ተራራው ጫፍ ላይ ወዳለው መቅደስ የምትሄደው እሷ ናት፤ እኔ አጃቢ ነኝ።

«ውሻ።»

«ውሻ ጫማ ማድረግ ጀመረ?»

ዱካውን ረግጬው አለፍኩ። ሰውዬው የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ «አቶ ዝም» ይለዋል። ይህን የተሳላሚዎች መንገድ ከሠርጋችን በፊት አብረን ልንሄደው ተባብለን ነበር። እንኳን መንገዱ ሠርጉም ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ «ሰውዬሽ ሌላ ከተማ ተዛወረ አይደል? ትናንት ሻንጣውን ሲጭን አየሁት» አለኝ። ከፀጉር አስተካካይ ሰማሁት እኮ። እሱ ትንፍሽ አላለም። ዓመት አልፎትም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

እርምጃዬን አፈጠንኩ።

«ቀስ በይ፣ መቅደሱ አይሸሽም» አለች አክስቴ እያለከለከች።

«እሱ ይሸሻል።»

«ማን?»

«ውሻው።»

ከፍ እያልን ስንሄድ ዱካው ተለወጠ። ተረከዙ ጠልቆ ገብቷል፣ በጣቶቹ በኩል ግን ጫማው መሬት የነካ አይመስልም። ሰው እንዲህ የሚራመደው ጣቱን ሲያመው ነው። እሰይ አልኩ በልቤ። እሰይ ማለቴ ደግሞ መልሶ አናደደኝ።

ከሰዓት በኋላ ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጫማውን አውልቋል። ካልሲው ጣቶቹ ላይ በደም ተጣብቋል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑን አልሰበረም፣ እኔም አልሰበርኩም። 

«ደህና ዋልሽ?» አለኝ።

«ዓመት ሙሉ አስበህ ያገኘኸው ይሄን ነው?»

አክስቴ «እኔ ውሃ ልቅዳ» ብላ ወደ ምንጩ ዞረች። ጆሮዋን ግን እኛ ጋ ትታው ነው የሄደችው።

«ይሄን ጫማ ለተራራ አድርገህ ወጣህ?»

«አብረን እንሄዳለን ብለን ነበር» አለ። «አንቺ ከሌለሽ ጫማው እንኳ ይሂድ ብዬ ነው።»

ልራራለት ስል ራሴን ተቆጣሁና ጫማውን አነሳሁ። ቆዳው ተወልውሏል፤ ስፌቱ አንድም አልተፈታም። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን ጫፉ ላይ የውስጥ ገበሩ በጣቱ ተበልቶ ሳስቷል። ያኔ ገባኝ። እግር ሰው ሲቆም ይረዝማል፣ ይሰፋል፤ ይህን የትናንት ጀማሪም ያውቃል። እሱን ግን የለካሁት ተቀምጦ ነው። እግሩ ጭኔ ላይ ነበር፣ እያወራን ነበር፤ ቁም ካልኩት ተነስቶ የሚሄድብኝ መሰለኝ።

«ይጠብሃል?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስትሰጪኝ ደስ ብሎሽ ነበራ።»

የፈነዳሁት እዚህ ላይ ነው። «አፍ የለህም? እግርህ እየደማ ደስ ይበላት ያለህ ማነው? ስትሄድስ? እሱንም ደስ እንዲለኝ ነው የደበቅከኝ?»

ካልሲውን ከጣቶቹ ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀ።

«አባትሽ ጠርተው አነጋገሩኝ» አለ። «ዓይኔ ደክሟል፣ ያለ እሷ ሱቁ ይዘጋል አሉኝ። የመዛወሪያ ደብዳቤዬ ደግሞ ደርሶኝ ነበር። ብነግርሽ ወይ እሳቸውን ትተያለሽ ወይ እኔን። ከማስጨንቅሽ ብዬ ነው።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? አባቴ ይናገራል፣ አንተ ዝም ትላለህ፣ ሲቃጠል የሚኖረው የኔ ሆድ። አንተ የሄድክበት ከተማ ሰዉ በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው? መዶሻዬን ይዤ እመጣ ነበር። አባቴንም ይዤው እመጣ ነበር።»

«አባትሽን?»

«አባቴንም፣ አክስቴንም።»

«እኔን ተዉኝ» አለች አክስቴ ከምንጩ።

ከቦርሳዬ ቢላዬን ሳወጣ ፊቱ ልውጥ አለ። ጫማውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የፊት ጫፉን ቆዳ ከስፌቱ ቆርጬ ጣልኩት፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በዕድሜዬ እንደዚህ ያማረ ጫማ ሰርቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ እሱም አናደደኝ።

«አድርገው።»

አደረገው። ጣቶቹ ከፊት ብቅ አሉ። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ውሻው ይሄ ነው?» አለች።

የቀረውን አቀበት ሦስታችንም አብረን ተያያዝነው። «ሲያምህ ተናገር» አልኩት። «ዳግመኛ ዝም ብትል ገደሉን አሳይሃለሁ።»

ጥቂት እንደሄድን «አመመኝ» አለ።

«ጎሽ።»

ትንሽ ቆየና «አሁንም አመመኝ» አለ። ቀጥሎ በዚያው ድምፅ «ናፍቀሽኛል» አለ።

አልመለስኩለትም። እሱንም ዝምታ ላቅምሰው ብዬ ነው፤ ግን እርምጃዬን ቀስ አደረግኩለት።

መቅደሱ ደጅ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። አክስቴ ስለቷን ልታደርስ ገባች። እኔ የስንቃችንን መጠቅለያ ወረቀት ደረጃው ላይ ዘርግቼ እርሳስ አወጣሁ። እሱም እንደለመደው ቁጭ ብሎ እግሩን ሰጠኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «ቁም።»

ቆመ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ እርሳሱን ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ በጣቶቹ ዙሪያ አዞርኩት። ለክቼ ጨረስኩ። ወረቀቱን አጠፍኩ፣ እርሳሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ እሱ ግን ካቆምኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም።