ባሕር የሆነችው ልጅ

ሚራክል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። እናንተስ ልጆች፣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በሰንበት ትምህርት ቤቱ የድራማ ክፍል፣ ልጆቹ ለበዓል የነቢዩ ዮናስን ታሪክ ይለማመዱ ነበር። ሚራክል ዮናስን ሆና መጫወት ፈለገች። መምህርት አሰጋሽ ግን የአንድ ትልቅ ሰማያዊ ጨርቅ ጫፍ አስያዟት። ሌላውን ጫፍ ጓደኛዋ ቢፍቱ ያዘች።

«እናንተ ባሕሩ ናችሁ» አሉ መምህርቷ።

«ባሕር ይናገራል?» ጠየቀች ሚራክል።

«አይናገርም የኔ ቆንጆ። ያዳምጣል።»

ሚራክል አኮረፈች። ዮናስ የሆነው አቢ ነዋ! ሲናገር የሚንተባተበው አቢ!

መምህርቷ ለአቢ አንድ ዘዴ አገኙለት። ጨርቁ ቀስ ብሎ ሲነሣ አቢ አየር ይስባል። ቀስ ብሎ ሲወርድ ይናገራል። ያን ጊዜ ቃሉ ሳይቆራረጥ ይወጣል። ሚራክልም ዓይኗን ስትጨፍን የሚለማመዱበት አዳራሽ የቆርቆሮ ጣሪያ ይጠፋል። ውኃ። ሰማያዊ ውኃ ብቻ። ዓሦች በወንበሮቹ መሀል ሲዋኙ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። የሚራክል እናት ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። ስልኩ ግን ወደ አቢ ዞሯል። የገዛ እናቷ! ሚራክልን ቅናት ያዛት። ጨርቁን በኃይል አራገበችው።

«ቀስ በይ እንጂ!» አለች ቢፍቱ በሹክሹክታ።

«ማዕበል ነኝ!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ አየ። ደስ አላት። ለአፍታ።

«ጌ... ጌ... ጌ...» አቢ አየር አጠረው። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ሌላም ተከተለ። አቢ በሩን በሩን ማየት ጀመረ። ጥሎ ሊሮጥ ነው።

ሚራክል ምን እንዳየች ታውቃላችሁ? የሚሰምጥ ልጅ። ያሰመጠችውም እሷ።

እጇ ቆመ። ቢፍቱን አየቻት። ቢፍቱም ገባት። ጨርቁ ቀስ ብሎ ተነሣ። ቀስ ብሎ ወረደ። አቢ ዓይኑን ጨፈነ። ጨርቁ እንደገና ተነሣ። እንደገና ወረደ።

«ጌታዬ ሆይ፣ እዚህ ታች ነኝ! ስማኝ!»

ድምፁ ከአዳራሹ አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። የሚስቁት ጸጥ አሉ። ሚራክልን ማንም አላያትም። እሷ ግን ባሕር ሆና ነበር። ሰፊ። የጓደኛዋ ቃል በላይዋ ላይ እንደ ጀልባ የሚሄድባት።

ሲጨርሱ እንባዋ መጣ። «ይቅርታ አቢ፤ ቀንቼብህ ነው።»

አቢ ትንሽ አሰበ። «ማ... ማዕበል ባይነሣ ዓሣ አንበሪው ይመጣ ነበር እንዴ?»

ሦስቱም ሳቁ። ጨርቁንም ጫፍ ጫፉን ይዘው አብረው አጠፉት።

ልጆች፣ ድራማ ክፍል ገብተን የምንማረው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ጓደኛችንን ስናዳምጥና ስናግዝ የሁላችንም ሥራ ያምራል።