ከቤት ያልወጣው አጥሚት

መርማሪ ኮ ማኦሺን ገና ልጅ ሳለ፣ አባቱና አንድ የዓሣ ኩሬ ጠባቂ በታይናን ከተማ ባሕር ዳርቻ ሲጨዋወቱ ሰምቶ ነበር። «የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ» አለ አንደኛው። ሌላው «ሰውስ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ኮ ረስቶታል።

ያ ወሬ ትዝ ያለው ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ በፕሮፌሰር ሹ ጂንግታንግ አስከሬን ፊት ቆሞ ነው። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ ማንኪያው ከእጃቸው ወድቋል። ኮ መዳፎቹን አጋጥሞ ጎንበስ አለ፤ በልቡ የሚለውን ብሎ ቀና አለ።

«የተባይ መድኃኒት ነው» አለው ሐኪሙ። «ከቁርሱ ጋር ነው የገባው።»

ሟቹ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከተማቸውን እንደ ሕመምተኛ ሲመረምሩ ነው፤ ምን ትበላለች፣ ምን ትጠጣለች፣ ምን ታወጣለች እያሉ። የገባውና የወጣው ካልተመጣጠነ፣ የሆነ ቦታ የተደበቀ ነገር አለ ይሉ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለከተማው ምክር ቤት ሊናገሩ ቀጠሮ ነበራቸው።

ያን ጠዋት ወደ ቤቱ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አስታማሚያቸው ንጋቲኒ፣ ከጃቫ ደሴት የመጣችው፤ የረጅም ጊዜ ረዳታቸው ሊያው ፔይሻን፤ እና ከቤቱ ጀርባ ያሉትን የአባታቸውን የዓሣ ኩሬዎች የሚጠብቀው ታናሽ ወንድማቸው ዌንሎንግ፣ ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚያመጣው። ንጋቲኒ ገና ሳትጠየቅ ካቴና ገብቶላታል። «ያበሰለችው እሷ ናት፤ አልቀመሰችውም» ብሎ ነበር ካቴናውን ያስገባው ፖሊስ።

«ለምን አልቀመስሽም፣ ልጄ?» አላት ኮ።

«የሩዙ አጥሚት በአሳማ አጥንት ነው የሚፈላው። እኔ ሙስሊም ነኝ። ጨው በዛ፣ አነሰ የሚሉኝ አባባ ናቸው።»

«ሳህኑን ማን አጠበው?»

«እኔ ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ ነበርኩ። ስወርድ ሳህኑ ማጠቢያው አጠገብ ተገልብጦ ተቀምጧል። የታጠበ መሰለኝ።» ወደ ፖሊሱ ዞረች። «ይወስዱኛል?»

«እንጃ» አለ ኮ። መዋሸት አልወደደም።

ሳህኑን አንስቶ በአውራ ጣቱ አሸው። ቅባት አለው። ማጠቢያው ደግሞ ደረቅ ነው። ሳህኑ በወረቀት ተጠረገ እንጂ ውኃ አልነካውም።

ሊያው ፔይሻን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ዛሬ ምን ሊናገሩ ነበር?» አላት ኮ።

«የዚህ ሰፈር ፍሳሽ ማጣሪያው ጋ አይደርስም። ቧንቧው ከማጣሪያው ጋር እንደተገናኘ ካርታው ይናገራል፤ ውኃው ግን የለም። ትናንት ‹የት እንደሚሄድ ደርሼበታለሁ› አሉኝ።»

«የት?»

«አልነገሩኝም። ‹መጀመሪያ የሚመለከተውን ሰው ላናግር› ብለው ወሬውን ዘጉት።»

ዌንሎንግ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይጎረጉራል። «ወንድሜ ካርታ ይወዳል፣ እኔ ዓሣ። የሱ አይበላም» አለ።

«ትጣሉ ነበር?»

«ወንድማማች ያልተጣላ ማን ይጣላ፣ አለቃ?»

ኮ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ረቡዕ የቆሻሻ መኪና አይመጣም፤ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ይህም ቤት የምግብ ትራፊውን እንዳይሸት አቀዝቅዞ ያቆየዋል። ሁለት ከረጢት አለ። የበሰለው ለአሳማ ርቢ ይሄዳል፣ ጥሬው ልጣጭ ለማዳበሪያ። በጥሬው ከረጢት፣ ከማንጎ ልጣጭ ሥር፣ ቅዝቃዜው ገና ያላጠጠረው ሩዝና የዓሣ ቆዳ አገኘ። የተጨማደደ ወረቀትም አብሮት ነበር።

ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ንጋቲኒን «ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይኼን ቀይ የቁልቋል ፍሬ ጭመቂና ማጠቢያው ውስጥ ድፊው» አላት፤ ብቻውንም ወደ ኩሬዎቹ ወረደ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ንጋቲኒም ከጣቢያ መጣች፤ ካቴናው አልወለቀላትም።

«ማቀዝቀዣው ውስጥ የተገኘው አጥሚት መርዝ አለበት» ብሎ ጀመረ። «የበሰለ ምግብ የአሳማ ነው፤ ይህን እዚህ ሕፃን እንኳ አይስተውም። ያ ሰው ግን ከጥሬው ጋር ጣለው። መርዝ እንዳለበት ያውቃል፤ አሳማዎቹ እንዲሞቱ አልፈለገም።»

«ደግ ገዳይ ነዋ!» አለ ዌንሎንግ። የሳቀ የለም።

«ደግ ነው» አለ ኮ። «ግን ቀላሉ ነገር ማጠቢያው ላይ ደፍቶ ውኃ መልቀቅ ነበር። አልደፋም። ሳህኑን እንኳ አላጠበም፤ በወረቀት ጠረገው። ለምን? ንጋቲኒ ፍሳሹ ማጣሪያ የሚገባ ይመስላታል። ወይዘሪት ሊያውም ማጣሪያው ጋ እንደማይደርስ ብታውቅም፣ የት እንደሚወድቅ አልተነገራትም። ሁለቱም ቢሆኑ ያለ ሐሳብ ይደፉት ነበር። ትናንት ንጋቲኒ ቀዩን ጭማቂ ስትደፋ እኔ ኩሬው ዳር ቆሜ ነበር። ውኃው ቀላ።»

በዚህ መሐል ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ይዞ እንዲወጣ የሚጠራው የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ሁሉም ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ዌንሎንግም እጁን በሩ ሥር ወደተቀመጡት የቆሻሻ ከረጢቶች ዘረጋ። ከዚያ አንድ በአንድ ተቀመጡ።

«የአሳማው መንገድ፣ የውኃው መንገድ፣ የአፈሩ መንገድ» አለ ኮ። «በአሳማው አልጨከነም። በውኃው ቢሄድ የሚሞቱት የራሱ ዓሦች ናቸው። አፈሩ ብቻ ቀረው።»

ዌንሎንግ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ኩሬው የአባታችን ነው» አለ። «ያ ውኃ ከቀረ ይደርቃል። ቧንቧው ከማጣሪያው ጋር እንዳይገናኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ወንድሜ ነገረኝ፤ ‹ነገ ስናገር ከጎኔ ቁም› አለኝ። ጠዋት ዓሣ ይዤለት መጣሁ።»

«ጋሼ» አለች ሊያው፣ «ለአሳማ አዝነህ…»

«አሳማዎቹ ምን አደረጉኝ?»

«እሳቸውስ?»



የንጋቲኒ ካቴና ወለቀ። አንጓዋን አየችው፤ አላሸችውም። «የቀረውን ቆሻሻ ላውጣ?» አለች። ኮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከረጢቶቹን ይዛ ወጣች።

«የዚያ ውኃ መዝጊያ የት እንዳለ የምታውቀው አንተ ነህ» አለ ኮ። «ታሳየናለህ?»

«አላሳይም።»

ሙዚቃው ራቀ። ዌንሎንግ በመስኮቱ ወደ ኩሬዎቹ ሲያይ ቆየ።

«ዝጓል፤ እናንተ ከነካችሁት ይሰበራል» አለ በመጨረሻ። «ዓሦቹን መጀመሪያ ሰው ያውጣልኝ። ከዚያ እኔው እዘጋዋለሁ።»