ማሽኑ የጣለው ምስክር

ዓሣ አጥማጁ ሙአዊያ ሐይቁ ዳር ፌስታሉን ለባድሩ አቀበለው። በዓሣው ሆድ ውስጥ መድኃኒት አለ።

ባድሩን የሐይቅ ከተማ ሰው የሚያውቀው በኮምፒውተር ጠጋኝነቱ ነው። የስለላ ስሙ «ደንገል» ነው። ከተማዋን ለያዙት ታጣቂዎች የሚሠራ መስሎ፣ አምባሰል ገደል ሥር በዋሻ ለተደበቁት ቁስለኞች መድኃኒት ያሻግራል።

ቀና አለ። ሐይቁ ዳር ከበቀለው የደንገል ሣር ጀርባ የክላሽ አፈሙዝ።

ሙአዊያ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ሸጦኛል! አለ ባድሩ በልቡ።

ፌስታሉን ወደ ሐይቁ ጥልቅ ወረወረው።

«ምንድነው የጣልከው?» አለ ታጣቂው።

«የሸተተ ዓሣ። ወንድሜ መስሎኝ ነበር ከሱ የገዛሁት!»

ውጫሌ ወሰዱት። አዛዡ ቢሮ ውስጥ፣ ባድሩ ራሱ የሠራው ማሽን በርቷል። የሰላዮቹን ወሬ ሁሉ ይዟል። ሁለት ነገር ከተጋጨበት ይበልጥ የሚታመነውን ያስቀርና ሌላውን ይጥላል፤ በተጣለው ላይ የቆመውም አብሮ ይወድቃል።

«ይሄ ሰው ቁስለኞቹን ከሚደብቀው ገበሬ ከአስረስ ጋር ነው» አለ ሙአዊያ። «ዋሻቸውን ተናግሬያለሁ፤ ጦሩም ወጥቷል።»

«ወዳጅ መሆናቸውን በምን አወቅህ?» አለ አዛዡ።

«ወላሂ፣ በዓይኔ! አስረስ ቤት በግ አርደው፣ ካንድ ትሪ ሲበሉ!»

ባድሩ ሳቀ።

«በጉን ማን አረደው፣ ሙአዌ?»

ሙአዊያ ወደ አዛዡ ዞረ።

«አስረስ ካረደው እኔ አልበላም። እኔ ካረድኩት አስረስ አይቀምስም። አንተ የወሎ ልጅ አይደለህም እንዴ? ምነው ዓሣ ነው ባልክ!»

ይህን የእርድ ልማድ ከሽማግሌዎች ሰምቶ ማሽኑ ውስጥ ከማይነኩት እምነቶች ተርታ ያስገባው አዛዡ ራሱ ነበር።

«የሙአዊያንም ቃል አስገባው» አለ ባድሩን።

ባድሩ ጻፈ። ማሽኑ መለሰ፦ የሙአዊያ ቃል ይጣላል። አብረውት የሚወድቁት ከሥሩ ተዘረዘሩ። የዋሻው ወሬ። የባድሩ ክስ።

የኑርሀያት መለቀቅ።

የባድሩ ሚስት ናት። ኬላ ላይ ተይዛ የተለቀቀችው በሙአዊያ ዋስትና ብቻ ነው።

ጣቱ ማጽደቂያው ቁልፍ ላይ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ምንም።»

ተጫነው።

ሙአዊያን እየጎተቱ አስወጡት። ጦሩ በሬድዮ ተጠርቶ ተመለሰ። ሳይመሽ አስረስ ቁስለኞቹን ወደ ሌላ ሸለቆ አሻገረ።

ኑርሀያትን አመጧት። በሁለት ታጣቂ መሃል ስታልፍ አየችው።

«ባድሩ! እንዳትለምናቸው!»

አልለመነም።

በሳምንቱ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መታወቂያ ተጠየቀ።

«ስም?»

«ኡስማን» አለ ባድሩ።

«ሥራ?»

«ሽንኩርት እነግዳለሁ።»

«ሚስት?»

«አለችኝ።»

ታጣቂው መታወቂያውን አገላበጠ። «እዚህ ላይ ያላገባ ይላል።»

«ወረቀቱ ነዋ የተሳሳተው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ታጣቂውም ሳቀና መታወቂያውን መለሰለት። ሚኒባሱ ተነሳ።